ፒኤች ሰዓት አለው

«ጋሼ፣ ፒኤቹ 8 ገባብኝ፤ ምን ልጨምርበት?» እያሉ የሚደውሉልኝ የአኳሪየም ጀማሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ መልሼ «በስንት ሰዓት ለካኸው? ውሃውንስ መቼ ቀየርከው?» እላለሁ። ዕፅዋት በሞሉት አኳሪየም ውስጥ የውሃው አሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። ይህ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ተክሉ እየሠራ መሆኑን ነው የሚነግረን።

ሌሊት ዓሣውም ተክሉም ይተነፍሳሉ። የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ደካማ አሲድ ስለሚሆን ፒኤች ይወርዳል። መብራቱ ሲበራ ተክሉ ያንኑ ጋዝ እየሳበ ምግቡን ይሠራል፤ ፒኤችም ተመልሶ ይወጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 6.8 የነበረ ገንዳ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ 7.6 ቢያሳይ ማንም ምንም ሳይጨምርበት ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ደግሞ ማጣሪያው ስለሚቆም ጋዙ ይጠራቀማል፤ ጠዋት የሚነበበው ቁጥር ከወትሮው ዝቅ ይላል።

የመለኪያውን ባህርይም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው፤ የሚሠራውም በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነበር። በዚህ መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። ከ7 ወደ 6 የወረደ ውሃ አሲድነቱ አሥር ጊዜ በርትቷል ማለት ነው።

ከፒኤች ጎን ሁልጊዜ የምለካው ኬኤችን ነው፤ ውሃው የያዘውን የባይካርቦኔት መጠን። ሁለት ገንዳዎች እኩል ፒኤች 7 ያሳያሉ እንበል። የአንዱ ኬኤች 2፣ የሌላው 8 ከሆነ፣ በመጀመሪያው በሊትር ወደ 6 ሚሊ ግራም፣ በሁለተኛው ወደ 24 ሚሊ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። አንደኛው ተክል ተርቧል፣ ሌላው ጠግቧል፤ የፒኤች ቁጥሩ ግን አንድ ነው። (ውሃውን ሻይ የሚያስመስል እንጨት የገባበት ገንዳ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ያዛባዋል።) ኬኤች ሲያልቅ ደግሞ ከዓሣው ቆሻሻ የሚፈጠረውን አሲድ የሚመክት ነገር ስለማይኖር ፒኤች ቁልቁል ይሄዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን የውሃው ምንጭ ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ለገዳዲና ገፈርሳ ግድብ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ አቃቂ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አለት ሥር የሚሳብ የጉድጓድ ውሃ። የጉድጓዱ ውሃ ባይካርቦኔቱ በዛ ይላል። ውሃ በፈረቃ መጥቶ ሮቶና ጀሪካን በሚሞላበት ሰፈር የትኛው እንደደረሰን የሚነግረን መለኪያችን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን በባልዲ እቀዳና ወዲያው እለካለሁ፤ በአየር ፓምፕ እያናፈስኩ አንድ ቀን አሳድሬ እንደገና እለካለሁ። ገንዳው የሚያውቀው ሁለተኛውን ቁጥር ነው፤ በመሬት ውስጥ ተጭኖ የቆየው ትርፍ ጋዝ በዚያ ጊዜ ይወጣለታል፣ ክሎሪኑም ይበናል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃችን የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው፤ ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ስናነብ ይህን አንርሳ።

አለካኩ እጅ ይፈልጋል። ቱቦውን በሚለካው ውሃ አለቅልቀው፤ እስከ 5 ሚሊ ሊትር ምልክቱ ሙላ፤ ጠብታውን ጠርሙሱን ቀጥ አድርገህ ዘቅዝቀህ ጣል፤ በክዳኑ ዝጋው እንጂ በጣትህ አትድፈነው። ብሮሞታይሞል ብሉ የሚባለው ጠብታ ከ6 በታች ቢጫ፣ 7 አካባቢ አረንጓዴ፣ ከ7.6 በላይ ሰማያዊ ነው። ከ7.6 በላይ ስንት እንደሆነ ግን አይነግርህም፤ ለዚያ የከፍተኛው መጠን መለኪያ አለ። ቀለሙን ከነጭ ወረቀት ፊት በቀን ብርሃን እየው። በሱቅ ቢጫ አምፖል ሥር ቢጫው ከአረንጓዴው አይለይም። በኤሌክትሮኒክ መለኪያ የምትሠራ ከሆነ ማስተካከያ ዱቄቱን በቧንቧ ውሃ አትበጥብጠው። ሱማሌ ተራ ከመኪና ዕቃ ሻጮች የሚገዛው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጡህ ግን ጽሑፉን አንብብ።

ጠጠሩም ይናገራል። ከመግዛትህ በፊት አቼቶ ጠብ አድርግበት። ከፈላ ኖራ ወይም እብነ በረድ አለበት፤ ኬኤችንና ፒኤችን ቀስ በቀስ ሲያወጣ ይኖራል። ግንበኞች ቀይ አሽ የሚሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አይፈላም፤ በደንብ ከታጠበ ለተክል ሥር ይመቻል።

አጥብቄ የምቃወመው ፒኤችን በአንድ ጀምበር ማውጣትን ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ካለው አሞኒያ መርዛማው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ 8 ላይ አምስት በመቶ ይሆናል። ትናንት ዓሣውን ያልነካው ውሃ አንድ ማንኪያ ሶዳ ሲገባበት ሊገድለው ይችላል። በሶዳ ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምሩም አሉ፤ እሱ አሲድም ስታርችም የተቀላቀለበት የኬክ ዕቃ ነው፣ አኳሪየም ውስጥ ቦታ የለውም።

ዓሣ 7ን አይፈልግም፤ የሚፈልገው የለመደውን ነው። ቆሮሶ ላንጋኖ ውስጥ ፒኤቹ 9 አካባቢ በሆነ ውሃ ይኖራል። ጋፒ ከ7 እስከ 8 ተመችቶት ይራባል፤ ቫሊስኔሪያም ባይካርቦኔቱን ራሱን ስለሚጠቀም በእንዲህ ያለ ውሃ ያድጋል። ለስላሳ ውሃ የሚወደውን ኒዮን ቴትራ በጉድጓድ ውሃ ከማሠቃየት ውሃችንን የሚወድ ዓሣ መምረጥ ይሻላል።

እንግዲህ ገንዳችሁ 8 ካነበበ ጠርሙስ አትክፈቱ። አንድ ሳምንት ጠዋት መብራት ሳይበራና ማታ ሳይጠፋ ለኩ፤ ሰዓቱን፣ ኬኤቹንና ውሃ የቀየራችሁበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ ደውሉልኝ።