ስለ 40ው ቀለም ጽሑፍና ስለ አንባቢዎቹ

ሳይቶሜትሪ ክፍል ኤ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2020 ኦሚፕ 069 በሚል መለያ ያወጣውን ጽሑፍ በሙያው ያሉ ሁሉ በአድናቆት ተቀብለውታል፤ አድናቆቱም የሚገባው ነው። ደራሲዎቹ 5 ሌዘር ባለው የስፔክትራል ፍሎው ሳይቶሜትሪ መሣሪያ የሰውን የደም ሴሎች በአንድ ጊዜ በ40 ቀለም ለይተው አሳይተዋል። የተለመደው መሣሪያ ለአንድ ቀለም አንድ ተቀባይ መድቦ የቀረውን ብርሃን በማጣሪያ ይተዋል። ይህኛው ግን የእያንዳንዱን ቀለም ኅብር ከዳር እስከ ዳር መዝግቦ ተደባልቆ የመጣውን በሒሳብ ይለያየዋል።

ቅር የሚያሰኘው ጽሑፉ የሚነበብበት መንገድ ነው፤ ለዚህም የጽሑፉ ዐይነት ራሱ በከፊል ተጠያቂ ሳይሆን አይቀርም። የኦሚፕ ጽሑፎች በባሕርያቸው አጭር ናቸው፤ ፀረ አካሉና ቀለሙ በሠንጠረዥ ተደርድሮ ፊት ለፊት ይቀርባል፤ የተደከመበት ዝርዝር ግን በአባሪው ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ተማሪው ሠንጠረዡን እንደ ወጥ አሠራር ይገለብጥና አባሪውን ሳይገልጥ ወደ መሣሪያው ይሄዳል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የመለያየቱ ሒሳብ የሚመካው በአንድ ቀለም ብቻ በተቀቡ የማመሳከሪያ ናሙናዎች ነው። ማመሳከሪያው ቢሳሳትም ሒሳቡ «አላውቅም» አይልም፤ ምንጊዜም አንድ ቁጥር ይሰጣል። እንግዲህ በፕላስቲክ ዶቃ ላይ የተወሰደ ኅብር በሴል ላይ ካለው ጥቂት ቢለይ፥ ወይም ማመሳከሪያው ሳይደርቅ ናሙናው በፎርማሊን ቢደርቅ፥ ልዩነቱ ለሌላ ቀለም ይታደላል። በተለይ ፒኢ-ሳይ7ን የመሰሉ ጥንድ ቀለሞች በብርሃን፥ በማድረቂያና በዕድሜ ይፈርሳሉ፤ ሲፈርሱም ብርሃናቸው ወደ ፒኢ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ በሥዕሉ ላይ በደሙ ውስጥ ያልነበረ የሴል ወገን ብቅ ይላል፤ ተመራማሪውም ስም ያወጣለታል!

ይህ እየታወቀ ከወራት በፊት የተቀመጠን ኅብር ከመዝገብ አውጥቶ ለዛሬ ናሙና ማዋል በየላቦራቶሪው እየተለመደ ነው። ጊዜና ፀረ አካል መቈጠቡን አልክድም፤ የፀረ አካልን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጠባ አይንቅም። በጽኑ ቀለሞች ላይ፥ የመሣሪያው ዕለታዊ ፍተሻ ካለፈ፥ ልማዱ ሊያስኬድ ይችላል። በጥንድ ቀለሞች ላይ ግን ድፍረት ነው። የእነርሱ ማመሳከሪያ በዕለቱ፥ ከዚያው ብልቃጥ ተወስዶ፥ እንደ ናሙናው ታጥቦና ደርቆ መዘጋጀት አለበት፤ ድምቀቱም ከናሙናው ማነስ የለበትም። ያልተቀባውም ሴል ከዚያው ከሚጠናው አካል መምጣት ይገባዋል፤ የሳንባ ሴል በራሱ የሚያበራው ብርሃን ከደም ሴል ብርሃን ጋር አንድ አይደለምና።

የቀለም ብዛትን እንደ ማዕርግ መቍጠርም ሌላው በሽታ ነው። 15 ቀለም ለሚበቃው ጥያቄ 30 የሚያሰልፍ ሰው ያተረፈው የብርሃን መዛመትን ነው፤ ደካማውም ምልክት በዚያ ውስጥ ይጠፋል።

በዚህ መሣሪያ ተሠርቶ ለፈተና የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያያዝበት መምህራኑ ቢያዙ መልካም ነው፤ እያንዳንዱ ማመሳከሪያ የተወሰደበት ቀን፥ በዶቃ ወይም በሴል መሠራቱ፥ እንዲሁም እያንዳንዱን ቀለም ከሌላው ሁሉ ጋር ጥንድ በጥንድ የሚያሳየው ሥዕል። ፈታኙም ውጤቱን ከማንበቡ በፊት ይህን ሥዕል ይይ።