የሸክላ ሥራ ትምህርት፤ በስሙ ወይስ በምድጃው?

ከደባርቅ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ጎንደር የሚወርድ ወጣት፣ ከተማው ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ወለቃን ያልፋል። ወጣቱ የሸክላን ሥራ በኮሌጅ ደረጃ ለመማር የተነሣ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤቱን ሳያውቅ አለፈው ማለት ነው። ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ ስሟ የገነነ መንደር ናትና። በዚህ መስክ የሚደረገው የትምህርት ምርጫ ዋነኛ ጉድለትም ከዚሁ ይመነጫል፤ የኮሌጁን ስምና የዲግሪውን ዓይነት ይመዝናል እንጂ ጭቃውን፣ ምድጃውንና መምህሩን አይጠይቅም።

በሰሜን ተራሮች ግርጌም ሆነ በጎንደር ዙሪያ የሸክላ ሥራ የሴቶች ሙያ ሆኖ ኖሯል። ሠሪዋ ያለ መሽከርከሪያ፣ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች እንስራውን ታቆማለች፤ በለስላሳ ድንጋይ ታለሰልሰዋለች፤ ሲደርቅም በማገዶና በኩበት ትተኩሰዋለች። የትኛው አፈር ለምጣድ፣ የትኛው ለጀበና እንደሚሆን፣ እሳት እንዳይሰነጥቀው ምን እንደሚቀላቀልበት ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ይሁን እንጂ ኅብረተሰቡ ጀበናዋን ከቤቱ እያስገባ፣ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» እያለ ከማዕዱ አገለላት። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ያ ዕውቀት ሳይጻፍና ሳይመዘገብ ከብዙዎቹ እጆች ጋር አብሮ ሄደ።

ለመሆኑ ይህን ክፍተት የትኛው ትምህርት ይሞላዋል? በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተከፈተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ለአገሪቱ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ያበረከተው ድርሻ አያጠያይቅም። ነገር ግን በቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ጭቃ አብዛኛውን ጊዜ መሸጋገሪያ ነው፤ ቅርጹ ወደ ጂፕሰም ወይም ወደ ነሐስ ከተላለፈ በኋላ ይፈርሳል። በሸክላ ሙያ ግን እሳት ገብቶ የሚወጣው ያው ጭቃ ነው። የምሕንድስና ትምህርት በበኩሉ የአፈሩን ንጥረ ነገር ይመረምራል፤ የጀበና አንገት ለምን እንደቀጠነ ግን አይጠይቅም። ሸክላ ከሁለቱ መካከል ቀርቷል። በዚያው በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሴቶች የሚያውቁትን ሙያ ዲግሪ ያለው ሰው ላያውቀው የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ሁለቱን ማገናኘት እንደሚቻል የናይጄሪያ ምሳሌ ያስረዳል። እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአቡጃ፣ በዛሬዋ ሱሌጃ፣ የሸክላ ማሠልጠኛ አቋቋመ። በ1954 ላዲ ክዋሊ የመጀመሪያዋ ሴት ሠልጣኝ ሆና ገባች። የመንደሯን የእጅ አሠራር ሳትጥል፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ልባስና ከፍተኛ ሙቀት ያለው ምድጃ ጨመረችበት። በ1977 የአህማዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት፤ ምስሏም በ20 ናይራ ገንዘብ ላይ ታትሟል። ሸክላ ሠሪዋ የተከበረችው ሙያዋን ትታ ሳይሆን ይዛው በመግባቷ ነው።

እንግዲህ የደባርቁ ወጣት ኮሌጁን ሲመርጥ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት እጁ ጭቃ ይነካል? ምድጃውን ራሱ ይተኩሳል ወይስ ሌላው ሲተኩስ ቆሞ ያያል? ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል ምድጃ ካለ፣ የኩበቱ እሳትስ በትምህርቱ ቦታ አለው? የአገሩን አፈር ይፈትናል ወይስ ተዘጋጅቶ የመጣ ጭቃ ብቻ ይጠብቃል? ሸክላ ሠሪዋስ በመምህርነት ትገባለች ወይስ በኤግዚቢሽን ዕለት ብቻ ትጋበዛለች?

እነዚህን ጥያቄዎች የማይመልስ መርሐ ግብር የምስክር ወረቀት ይሰጥ ይሆናል፤ ሸክላ ሠሪ ግን አያፈራም። ጥያቄው ለተማሪው ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጹትንም ይመለከታል። የወለቃ ሴት የኮሌጁን ደጅ በተማሪነት ሳይሆን በመምህርነት የምትረግጥበት ቀን ካልመጣ፣ ከደባርቅ የሚወርደው ወጣት ትምህርት ቤቱን በመንገድ ዳር ትቶ ማለፉን ይቀጥላል።