ስለ «አዲስ ዓለም» መጽሐፍና ስለ ተዝካሩ ክርክር

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙትን «አዲስ ዓለም፤ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» የተባለውን መጽሐፍ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገና አነበብሁት። በተማሪነቴ ጊዜ መጽሐፉ ስለ አውሮፓ አገር የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ስለ ለቅሶ ቤት፥ ስለ ድግስና ስለ ካህን እንጀራ የሚናገር ሆኖ አገኘሁት። ሃይማኖት በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ሥራው ምንድር ነው የሚለውን ጥያቄ በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ አድርገው ካቀረቡት ከቀደሙት መጻሕፍት አንዱ ይህ ነውና፥ ጥቂት ቃል ልናገርበት ወደድሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። አወቀ የሚባል ልጅ ወደ አውሮፓ ሄዶ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የስሙንም ምሥጢር አንባቢ ሳይነገረው ያስተውለዋል። ከተመለሰ በኋላ ግን ከዘመዶቹም ከካህናቱም ጋራ አልስማማ ይላል። ስለ ለቅሶ፥ ስለ ተዝካር፥ ስለ ሠርግ ይከራከራል፤ በመጨረሻም የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጉባኤ አድርገው ልማዱ እንዲሻሻል ይወስናሉ። ታሪኩን ስለ ታሪክነቱ ብቻ የሚያነብ ሰው ቅር ሳይለው አይቀርም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይነጋገራሉ እንጂ አይኖሩምና። ዳሩ ግን ያን ጊዜ በአማርኛ የታተመው ልብ ወለድ ገና በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ፥ በዚህ ደራሲውን መውቀስ በጎደሎ ቍና መስፈር ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ልከኛነታቸው ነው። እርሳቸው በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው፥ በ1903 ዓ.ም. ሎንዶንን፥ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ያዩ፥ መጽሐፉም ሲታተም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ያየ ሰው አገሩን መናቅ ይቀለው ነበር፤ እርሳቸው ግን አልናቁም። አወቀም ሃይማኖቱን በባሕር ማዶ ጥሎ አልመጣም። ክርክሩ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ሕግ ሌላ፥ ልማድ ሌላ ነው ማለት ነው። ለሙታን መጸለይ፥ ስለ ነፍሳቸው መቀደስና መመጽወት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ዳስ ጥሎ፥ ጋን ደርድሮ፥ በሬ አርዶ አገር ማብላት ግን የሰው ልማድ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን መለያየት ዛሬ ስንሰማው ቀላል ይመስለናል። በዚያ ዘመን ግን ተዝካር ሳያወጣ የቀረ ልጅ አባቱን ሁለተኛ ጊዜ እንደ ገደለ ይቈጠር ነበር።

የተዝካር ዕዳ እንዴት ያለ እንደ ሆነ የማያውቅ ቢኖር ያየሁትን ልንገረው። በልጅነቴ በአጎራባቻችን የምትኖር አንዲት ሴት ባልዋ በሞተ በአርባው ቀን ከሁለት በሬ አንዱን አሳረደች። ድግሱ ሠመረ፤ ሰውም አመሰገናት። ክረምት ሲገባ ግን አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና፥ መሬትዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የልጆችዋን እህል በግማሽ ቀነሰች። ከተመጋቢዎቹ መካከል ዘር ያበደራት እንደ ነበረ አላስታውስም። እንግዲህ አወቀ ይህ ቀርቶ ገንዘቡ ለሚረባ ነገር ይዋል ቢል ምን በደለ? በዚህ ነገር እኔ ከእርሱ ወገን ነኝ።

ነገር ግን መጽሐፉ በዚህ ስፍራ አንድ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ትንሽ አይደለም። ደራሲው የካህናቱን ነገር አላስረዱም። ካህናቱ በመጽሐፉ ውስጥ ሲከራከሩ የሚበሉትንና የሚጠጡትን የሚሹ ብቻ መስለው ይታያሉ፤ እንዲህ ያሉ አልነበሩም አልልም። ሆኖም የባላገር ሰሞነኛ ካህን ከምን ይኖር እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን መሬት ብዙ ነበረ እየተባለ ይነገራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ታላቁ ደብርና ትንሺቱ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ድርሻቸው አንድ አልነበረም። በትንሺቱ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ቄስ እንደ ማንኛውም ገበሬ ያርሳል፤ ሌሊት ተነሥቶ ይቀድሳል፤ ሲታመሙ ያናዝዛል፤ ሲሞቱ ይፈታል። ለዚህ ሁሉ ድካሙ ደመወዝ የሚሰጠው የለም፤ ተዝካር ግን ይጠራል። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ በውሻ መካከል በኮቸሮ ሲለምን የኖረ ልጅ ወጥ ያለው እንጀራ የሚጠግበው በተዝካር ቀን ነበረ። ለማኙና አካለ ስንኩሉም ከደጅ ተቀምጠው ድርሻቸውን ያገኛሉ። ስለዚህ ተዝካር ባንድ ወገን የድኻን በሬ የሚያሳርድ፥ በሌላ ወገን ድኻን የሚያበላ ነበር። ክርክሩ እውነተኛ ክርክር የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው፤ አወቀ ግን በመጽሐፉ ውስጥ እኩያ ተከራካሪ አላገኘም። እውነት ያለው ሰው ደካማ ባላጋራ ሲሰጡት እውነቱም ይደክማል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ጉባኤው ነው። መጽሐፉ በአባቶች ጉባኤ ውሳኔ መፈጸሙ የዋህነት ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ዘመኑን ሳስበው ድፍረት ሆኖ ይታየኛል። በ1925 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ሊቀ ጳጳስዋን ገና ከግብጽ ትቀበል ነበር፤ ከኢትዮጵያውያን መካከል ጳጳሳት ከተሾሙ ገና አራት ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። ከእነዚያም አንዱ፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢጣልያኖች ተገደሉ። የራስዋ ፓትርያርክ የተሾመላት በ1951 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ደራሲው፥ የገዛ አባቶችዋ ተሰብስበው የገዛ ሥርዓትዋን ሲያርሙ በዓይነ ኅሊና ያዩት ነገሩ በእውን ከመሆኑ አስቀድመው ነው።

የሆነው ግን እንዳሰቡት አልሆነም። የካህኑን ኑሮ የለወጠው የአንድ ቀን ጉባኤ ቃል አይደለም። የሰበካ ጉባኤ ደንብ በ1965 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን የቤተ ክርስቲያንም መሬት አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ካህኑ በምእመናን አስተዋፅኦ እንዲኖር ሆነ። ተዝካሩስ? በከተማ ብዙ ሰው በቍርባንና በምጽዋት ያስበዋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ በዕድር ድንኳን ሥር እንደ ጥንቱ ያበላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ስላረፉ ይህን ሁሉ አላዩም።

ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1958 ዓ.ም.፥ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ አነሡት። እርሳቸውም የቤተ ክህነት ልጅ ናቸው። ነገር ግን ልማድን የሚነቅፈው የእርሳቸው ሰው ጉዱ ካሣ ጉባኤ አልተጠራለትም፤ እብድ ተባለ እንጂ። በዛብህም ወላጆቹ በተሳሉት ስለት ታስሮ ያድጋል፤ ስእለቱን እርሱ አልተሳለም፤ ሸክሙ ግን የእርሱ ነው። እንደ ኪነ ጥበብ ሁለተኛው መጽሐፍ ከፊተኛው እጅግ ይበልጣል፤ ይህን ለመናገር ማመንታት አያስፈልግም። እንዲህ አጥብቀው የነቀፉት ደራሲ ደግሞ ሰብለ ወንጌልን በመጨረሻ ያመነኰሱአት መሆናቸውን ልብ ይሏል። አወቀ ግን በጉባኤ ይሰማል፤ ጉዱ ካሣ የሚሰማው የለም። ከሁለቱ የትኛው ለኑሮአችን ይቀርባል ቢሉኝ፥ በመንደር ጉዱ ካሣ፥ በመጻሕፍት አወቀ እላለሁ።

ሁለቱንም መጻሕፍት ዘግቼ ሳስብ ግን አንድ ሰው ከሁለቱም ጐድሎብኛል። እርሱም ተዝካር እንዲቀር በልቡ የሚስማማ፥ ነገር ግን ቢቀር ልጆቹን የሚያበላው የሌለው የገጠር ቄስ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስለ ነገው ስትጠይቀው ምን ብሎ እንደሚመልስላት የሚተርክ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።