የሙያ ትምህርትና የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች፦ «በተቻለ መጠን» የሚለው ገደብ ሲመረመር

ከከፍተኛ ትምህርት ዘርፎች መካከል ጠባያቸው ከሌሎቹ ለየት የሚል ትምህርቶች አሉ። እነዚህም ሕግ፣ ሕክምና፣ ነርስነት፣ መምህርነት፣ ምሕንድስናና የመሳሰሉት ናቸው። በእነዚህ ትምህርቶች የሚመረቅ ሰው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በሌላው ሰው ሕይወት፣ ንብረትና አስተዳደግ ላይ ኃላፊነት ይሸከማል። በመሆኑም ትምህርቱ በክፍል ውስጥ ብቻ አይፈጸምም። ተማሪው በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በግንባታ ቦታ ተገኝቶ በሥራ ላይ ካሉ ባለሙያዎች ጋር መለማመድ አለበት። የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ትልቁ ፈተና የሚያጋጥመውም በንግግር አዳራሹ ሳይሆን በዚህ ሁለተኛ የትምህርት ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ እስካሁን የወጡት የድጋፍ ድንጋጌዎች በአመዛኙ የሚጠብቁት የመጀመሪያውን ቦታ ነው። ሁለተኛው ቦታ ለአስተማሪው ርኅራኄና ለተቀባዩ መሥሪያ ቤት መልካም ፈቃድ ተትቷል። የጉድለቱ መነሻ ምን እንደሆነና ዕቅድ አውጪዎችም ሆኑ መምህራን ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ መመርመር ያስፈልጋል።

ድንጋጌዎቹ የሚሉትና የማይሉት

በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በሚፈቅደው ደረጃ የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 በአንቀጽ 40 ከዚህ ይበልጥ ወደ ዝርዝር ገብቶ ነበር። የመማሪያ ክፍሎችን ወደ ምቹ ቦታ ማዛወር፣ አማራጭ የፈተና ዘዴ ማዘጋጀት፣ የትምህርት አጋዥ መሣሪያዎችን ማቅረብ፣ በሕንፃና በግቢ አሠራር ረገድ የጉዳተኞችን ጥቅም ማሰብ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና ተጨማሪ የፈተና ጊዜ መስጠት በዝርዝሩ ውስጥ ተካተው ነበር።

ይህ ዝርዝር በጊዜው መልካም እርምጃ እንደነበረ አይካድም። ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ከግዴታዎቹ ብዙዎቹ «በተቻለ መጠን» ወይም «ሁኔታዎች ሲፈቅዱ» በሚል መንፈስ የተገደቡ ነበሩ። የተቻለውንና ያልተቻለውን የሚለየው ማን እንደሆነ፣ በምን መመዘኛ እንደሚለይና ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጥ እንደሆነ አልተመለከተም። ሁለተኛ፣ የተዘረዘሩት ነገሮች በሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ከግቢው አጥር ወደ ውጭ አይወጡም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1152 ተተክቷል። ነገር ግን ተቋማት ለአሥር ዓመት የሠሩበትን መንፈስ በአንድ ቀን አይለውጡምና ያ አመለካከት ያሳደረው ልማድ መመርመሩ ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች የሥራ ቦታንና መሣሪያን እንዲያመቻቹ ያስገድዳል። አዋጁ በዋናነት የሚመለከተው ግን ሥራ ፈላጊንና ሠራተኛን ነው። በልምምድ ላይ ያለ ተማሪ ደግሞ ገና ሠራተኛ አልሆነም። እንዲሁም ለጊዜው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥቷል። እንግዲህ የትምህርቱን ውጤት የሚወስኑት ወራት ሲደርሱ ተማሪው በሁለት ሕጎች መካከል ባለ ክፍት ቦታ ላይ ይቆማል። ዩኒቨርሲቲው «ቦታው የእኛ አይደለም» ሲል፣ መሥሪያ ቤቱ «ተማሪው የእኛ አይደለም» ሊል ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን መነሻ የሚሆን ሰነድ የለም ማለት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀበለውንና ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መጥቀስ ይበቃል። ስምምነቱ በአንቀጽ 24 የከፍተኛና የሙያ ትምህርት ያለ አድልዎ እንዲሰጥና ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። በአንቀጽ 2 ደግሞ ይህን ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነ ይገልጻል። በእርግጥ ስምምነቱም ገደብ አለው፤ የማይመጣጠን ጫና የሚያስከትል ነገር አይጠየቅም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። «በተቻለ መጠን» የሚለው አነጋገር ምክንያት ሳይሰጡ ለማለፍ በር ሲከፍት፣ «የማይመጣጠን ጫና» የሚለው ግን ጫናው ተመዝኖ እንዲታይ ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ስለሆነ፣ ይህ ሁለተኛው አነጋገር ከምክር ያለፈ ነው።

የሙያው ግብና የተለመደው ዘዴ

ድጋፍን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት ዋና መከራከሪያ የሙያ ደረጃ ይወርዳል የሚል ነው። መከራከሪያው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በሽተኛ ደኅንነቱ እንዲጠበቅለት፣ ባለጉዳይ በቂ ጠበቃ እንዲያገኝ፣ ልጅም በሚገባ እንዲማር መብት አለው። የአካል ጉዳተኛውን ተማሪ ለመርዳት ሲባል ይህን መብት መቀነስ አይቻልም። ስሕተቱ ያለው የሙያውን ግብ ከተለመደው የሥራ ዘዴ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ላይ ነው።

ለአብነት ያህል መምህርነትን መውሰድ ይቻላል። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ነገር ግን መጻፉ በራሱ ግብ ሳይሆን ትምህርቱ ለተማሪው በግልጽ እንዲደርስ የሚያገለግል ዘዴ ነው። ዓይነ ስውር ዕጩ መምህር የሰሌዳውን ጽሑፍ በረዳት ወይም በተማሪ እጅ አስጽፎ ማብራሪያውን፣ ጥያቄውንና የክፍሉን ሥርዓት ራሱ ቢመራ ግቡ አልተጓደለም። በተቃራኒው ደግሞ የተማሪን ዕውቀት የመመዘን ችሎታ የሙያው ዋና አካል ስለሆነ ሊቀርለት አይገባም፤ የሚመዝንበት መንገድ ግን ሊለወጥ ይችላል። የማስተማር ልምምዱን የሚያርም መምህር በቅጹ ላይ «የሰሌዳ አጠቃቀም» ለሚለው ነጥብ ዜሮ ከሰጠና በዚያው ከተወው ዘዴውን እንጂ ችሎታውን አልመዘነም።

ይህን ክርክር በግልጽ አውጥተው ከመረመሩት ሰነዶች አንዱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በሳውዝኢስተርን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና በዴቪስ መካከል በነበረው ክርክር የሰጠው ፍርድ ነው። አመልካቿ ከባድ የመስማት ችግር ያለባት፣ በዝቅተኛ ደረጃ የነርስነት ፈቃድ የነበራት ሴት ነበረች። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ኮሌጅ ወደ ከፍተኛው የነርስነት ትምህርት እንዳትገባ ከለከላት። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የሰውን ንግግር የምትረዳው ከንፈር በማየት በመሆኑ፣ ሐኪሞች አፋቸውን በሚሸፍኑበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይህ አይቻልም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱም ያለ ልዩነት በሙሉ ድምፅ ለኮሌጁ ፈረደ፤ ሕጉ የትምህርቱን መሠረታዊ ጠባይ መለወጥን አያስገድድም አለ።

ይህ ፍርድ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ይህ ክፍሉ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን በዚያው ውሳኔ ቴክኒክ እየተሻሻለ ሲሄድ ትናንት አስቸጋሪ የነበረው ነገር ቀላል ሊሆን እንደሚችልና ያኔ እምቢታው አድልዎ የሚሆንበት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል ገልጿል። ዛሬ የተናጋሪውን ከንፈር የሚያሳይ ብርሃን አስተላላፊ የአፍ መሸፈኛ አለ። የልብን ምት አጉልቶ የሚያሰማና በመስታወት ላይ በሥዕል የሚያሳይ የማዳመጫ መሣሪያም ይገኛል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1979 በቂ መስሎ የታየው ምክንያት ዛሬ እንደገና መመርመር አለበት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት «አይቻልም» የሚለው ቃል ቀን የሚቆረጥለት፣ በየጊዜው የሚታደስ ፍርድ መሆን እንደሚገባው ነው።

የሕግ ተማሪው አብነት

በኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከሚመርጧቸው የሙያ ትምህርቶች አንዱ ሕግ ነው። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃንዋን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ በአካል ጉዳተኞች መብት ረገድ ባከናወነችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። የእርስዋና የመሰሎችዋ ስም በየስብሰባው ሲነሣ ግን አንድ አደገኛ መደምደሚያ አብሮ ይሾልካል፤ ይኸውም «ከተፈለገ ይቻላል» የሚል ነው። የብርቱ ሰው ድል የሚመሰክረው ስለዚያ ሰው ብርታት ነው እንጂ ስለ ሥርዓቱ ደኅንነት አይደለም። ሥርዓት የሚመዘነው መካከለኛ ችሎታ ያለው የአካል ጉዳተኛ ተማሪ መካከለኛ ችሎታ ካለው ጓደኛው ጋር እኩል ዕድል ማግኘቱ ሲረጋገጥ ነው።

የሕግ ትምህርትን ከዚህ አንጻር ቢመለከቱት መሰናክሉ ከፍርድ ቤት ደረጃ ይጀምራል ማለት አይቻልም። የተማሪው ዋና ማጣቀሻ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተሙበት ሲሆን፣ በኮምፒዩተር የሚዘዋወሩት ቅጂዎች ብዙዎቹ የገጹ ምስል ብቻ ናቸው። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራም ምስልን ሊያነብ አይችልም። እንግዲህ ዓይነ ስውሩ ተማሪ አዋጁን ለማግኘት የሌላ ሰው ዓይን መለመን አለበት። የፍርድ መዝገብና የእጅ ጽሑፍ ማስረጃ በሚገኝበት የልምምድ ቦታ ይህ ችግር እጥፍ ይሆናል። አዋጆችን በጽሑፍ መልክ ማዘጋጀት ግን ዓይናማውንም ተማሪ፣ መምህሩንም ዳኛውንም የሚጠቅም ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁ ተማሪዎች ሁሉ የተደረገው የመውጫ ፈተናም ከዚሁ ጋር ይታያል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ በመሆኑ በሚገባ ከተዘጋጀ ለዓይነ ስውሩ በር ይከፍታል፤ ካልተዘጋጀም ይዘጋበታል። የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን ጥያቄዎቹ ሲዘጋጁ ሰንጠረዡና ሥዕሉ በቃላት እንዲገለጽ ታስቦ እንደሆነ ነው።

መሠረቱ በታችኛው ትምህርት ቤት

ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ መምህር ቢኖር ተሳስቷል። አንድ ዓይነ ስውር ልጅ «ሒሳብ ለአንተ አይሆንም» ተብሎ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደ ጥላ ሥር እንዲቀመጥ ከተደረገ፣ ከብዙዎቹ የሙያ ትምህርቶች የተሰናበተው በዚያ ቀን ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህ አሰናባች ውሳኔ ከጉዳቱ የመጣ አለመሆኑ ነው። ዓይነ ስውሩ የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔሜት የሒሳብ ምልክቶች በብሬል የሚጻፉበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1952 አሳትሟል። ስለሆነም የጎደለው የልጁ ችሎታ ሳይሆን ሥርዓቱን የሚያስተምር የሠለጠነ መምህርና መሣሪያ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚተርፈው

ከላይ የተመለከተው ትችት ወደ ሥራ ይመለስ ዘንድ ሦስት ነገሮች በቅድሚያ ሊታሰቡ ይገባል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ የሙያ ትምህርት ክፍል ተመራቂው ሊኖረው የሚገባውን ችሎታ ከተለመደው ዘዴ ለይቶ በጽሑፍ ያስፍር። ይህም ተማሪው ከመግባቱ በፊት ሊያነበው የሚችል ሰነድ ይሁን፤ በአራተኛው ዓመት ድንገት የሚገለጽ ምሥጢር አይሁን። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሆስፒታል፣ ከፍርድ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ጋር የልምምድ ውል ሲዋዋል ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚደረገውን ማመቻቸት ማን እንደሚያዘጋጅና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ውስጥ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ «አይቻልም» የሚል ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ፣ የተሞከሩት አማራጮች ይዘርዘሩ፣ ተማሪውም ይግባኝ የሚልበት አካል ይኑር።

ከእነዚህ ሦስቱ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት አስቀድሞ ማሰብን ነው። ማመቻቸት ውድ የሚሆነው ሕንፃው ከቆመ፣ ውሉ ከተፈረመ፣ ተማሪውም በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ሲታሰብ ነው። ያን ጊዜ «በተቻለ መጠን» የሚለው ሐረግ ሰበብ ይሆናል። አስቀድሞ ከታሰበበት ግን ይኸው ሐረግ ምን ያህል እንደሚቻል የሚለካበት መነሻ ሊሆን ይችላል።