ሙሾ የሌለው ፉከራ

የአጎቴ ልጅ ፍራንክፈርት አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ መኖር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ቋሚ ሥራና አንድ ሱዙኪ ሃያቡሳ ሞተር ሳይክል አለው። ባለፈው ክረምት እነሱ ዘንድ ሦስት ሳምንት ስሰነብት የተሰጠችኝ ክፍል የልብስ መተኮሻና የመጽሔት ማከማቻ ነበረች። መጽሔቶቹ እንግሊዝና አሜሪካ የታተሙ ናቸው፤ እስከ ግድግዳው ወገብ ተከምረዋል፤ ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ እጅግ ኃይለኛ ስለሆኑ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንዱን መዘዝ አደርግ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፌ ቢመጣም መምዘዜን አልተውኩም።

ስለ ሞተር አሠራር የማውቀው ጥቂት ነው፤ እዚህ ላይ ማንንም ለማታለል አልሞክርም። ስለ ጽሑፎቹ ግን የምለው አለኝ። ሰዎች እጅግ ስለሚወዱት ነገር የሚጽፉት ጽሑፍ፣ ነገሩ ርግብ ማርባትም ይሁን ሞተር መጋለብ፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ማወደሻ፣ የራሱም ዝምታ አለው። ስለዚህ ሂስ ሊቀርብበት ይገባል ባይ ነኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። አድናቂው በቁጥር ይጀምራል፣ በቁጥር ይጨርሳል። 1299 ሲሲ፣ 175 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፤ ይህ በ1999 የወጣው ሃያቡሳ ነው። ከዚያ ቀደም ሆንዳ በ1996 «ሱፐር ብላክበርድ» የተባለውን አውጥቶ የፍጥነቱን ዘውድ ደፍቶ ነበር፤ ብላክበርድ ማለት ጥቁር ወፍ ነው። ሱዙኪ ለራሱ የመረጠው ስም ደግሞ በጃፓንኛ የጭልፊት ስም ነው፤ ቁልቁል ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ፣ ጥቁር ወፍ የሚበላ ጭልፊት። ነገር አዋቂ አዝማሪ ከዚህ የበለጠ ስድብ አያወጣም።

ጭልፊቱ ከወጣ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት እገዳ ያመጡብናል ብለው የሠጉት አምራቾች፣ ማንም ያልፈረመበት የጨዋ ስምምነት አደረጉ። ለገበያ የሚወጣ ሞተር ከ300 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ልጓም ይግባለት ተባለ፤ ከ2000 ወዲህም ልጓሙ በየሞተሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። የአድናቂዎቹን ጠባይ በደንብ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን 300 የነዳ ከመቶ አንድ እንኳ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ሆኖም ልጓም ያልገባለት የ1999 ሞዴል እንደ ብርቅ ይፈለጋል። የአጎቴም ልጅ ያለው እሱኑ ነው።

«ሦስት መቶ ነድተህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አላውቅም» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ግን ይችላል» አለ።

በ2008 የወጣው ሁለተኛው ሃያቡሳ 197 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2021 ሦስተኛው ሲመጣ 190 ሆነ። ፋብሪካው በመካከለኛው ዙር ላይ ጉልበት ጨምሬያለሁ፣ ሲነሣም ከቀድሞዎቹ ይፈጥናል ቢልም፣ በርካቶቹ ሰባት ፈረስ በአባ ሰንጋ እንደሞተበት ባላገር ተከዙ። ጋዜጠኝነት ስማር «ሐቅን ከአስተያየት ለዩ» እየተባልኩ ነበር። እነዚህ ጽሑፎች ላይ ግን አስተያየቱ ያለው በሐቁ ሆድ ውስጥ ነው፤ 197 የሚለው አሃዝ ራሱ አስተያየት ነው።

«የፈረስ ጉልበት» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ጆሮ ሌላ ነገር ይቀሰቅሳል። የኛ ጀግና ሲፎክር ብዙ ጊዜ በእናት አባቱ ስም አልነበረም፤ በፈረሱ ስም ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። ፎካሪው ፈረሱ ያንን መስክ በስንት ደቂቃ እንደሚያቋርጥ አይለካም፤ ስሙን ይጠራል፣ ይበቃል። የሞተር አድናቂው ቁጥርም መለኪያ መስሎ የቀረበ ፉከራ ነው። ይህን የምለው ለማናናቅ አይደለም። ፉከራ የፈራ ሰው ፍርሃቱን ልጓም የሚያስገባበት መንገድ ነውና ክብር አለው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሁሉም መከራከሪያ «ነገሩ ያለው በቀኝ እጅህ አንጓ ላይ ነው» የሚለው ነው። ጋዝ የሚሰጠው ቀኝ እጅ ነውና፣ ሞተሩ 200 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው አንተ ሃምሳውን ብቻ መጠቀም ትችላለህ ማለታቸው ነው። ፈረንሳይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ሞተር ሳይክል በመንገዷ ላይ እንዳይነዳ ስትከለክል አድናቂዎች የተሟገቱት እንዲህ እያሉ ነበር። ክርክሩ ሐሰት አይደለም። ችግሩ፣ የሚናገርለት እጅ ሁልጊዜ የተናጋሪው እጅ መሆኑ ነው። የራሱን አንጓ የሚጠራጠር ጸሐፊ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ያገኘሁት ጥቂት ነው። ቢ.ኤም.ደብልዩ 193 የፈረስ ጉልበት ያለውን ኤስ 1000 አር.አር. ለ2010 ገበያ ሲያቀርብ፣ የኋላው ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ጉልበቱን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ አብሮ እንዲገዛ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ «የነጂውን ጥበብ ሰረቀው» ይላል፤ ሌላው «ነፍሴን አተረፋት» ይላል። አንጓው በቂ ከነበረ ኮምፒዩተሩ ለምን አስፈለገ? ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

የሆንዳው መሐንዲስ ታዳዎ ባባ በ1992 ፋየርብሌድን ሲያወጣ የተጨነቀው ለክብደቱ ነበር፤ 893 ሲሲ፣ 185 ኪሎ። የሚታዘዝ ሞተር ነው የፈለገው። ጽሑፎቹ ያወድሱታል፤ አወድሰውት ሲያበቁ በሚቀጥለው ገጽ ወደ ፈረስ ቆጠራቸው ይመለሳሉ።

ከክምሩ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ልቤ ያደረበት፣ አሜሪካዊው ሐንተር ቶምሰን በ1995 ለሳይክል ወርልድ መጽሔት የጻፈው ነው። እንዲሞክር የሰጡት ሞተር የጣሊያኑ ዱካቲ 900 ነበር። ቶምሰን ሞተሩን ፈርቶታል፤ መፍራቱንም ወዶታል፤ አንዱን ሲነግረን ሌላውን አይደብቅም። ያ ዱካቲ የነበረው የፈረስ ጉልበት ግን 80 ገደማ ነው። ካዋሳኪ በ2015 ለውድድር ሜዳ ብቻ ያወጣው ኤች 2 አር 310 አለው። በጁን 2016 ቱርካዊው ተወዳዳሪ ኬናን ሶፉኦሉ፣ ለተሽከርካሪ ገና ባልተከፈተው የኦስማን ጋዚ ድልድይ ላይ በዚህ ሞተር በ26 ሰኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ስለዚያ ጉዞ ያነበብኩት ሁሉ ሰኮንድና ኪሎ ሜትር ነው። ቶምሰን በ80 ፈረስ ያስፈራኝን ያህል አላስፈራኝም።

እኔም በነገሩ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ እሑድ ጠዋት የአጎቴ ልጅ ከኋላው አፈናጠጠኝ። የፍጥነት ገደብ ወደሌለበት የአውቶባን ክፍል እንደገባን አንድ ጊዜ ጋዝ ሰጠ፤ ንፋሱ አንገቴን ወደኋላ ጎተተው፤ በቀኛችን ያሉት መኪኖች የቆሙ መሰሉኝ። 220 ነድተን እንደነበር ኋላ ነገረኝ። ያ አይደለም ያስደነገጠኝ። ፍጥነቱን ቀንሶ 120 ላይ ሲደርስ፣ ወርጄ በእግሬ መሄድ የምችል መሰለኝ። ዓይኔ፣ ጆሮዬ፣ ሆዴ ሳይቀር ቆመናል አሉኝ። በዚያ ፍጥነት ላይ እያለ እግሩን ዘርግቶ ሊወርድ የሚዳዳውን አካል «አንጓህ ይፈርዳል» ማለት ምን ማለት ነው? ግን መሸሸግ አልችልም፤ ደስ ብሎኛል። ቤት ሳንደርስ ድገመኝ ብዬ ለምኜዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። ካዋሳኪ በ1969 ያወጣው ባለ ሦስት ሲሊንደር 500 ሲሲ ሞተር 60 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በ1972 ታላቁ፣ 750ው፣ ተከተለ። አካላቸውና ፍሬናቸው ጉልበታቸውን አይመጥንም እየተባለ «መበለት አድራጊ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። አድናቂዎቹ ዛሬም ስሙን የሚጠሩት በፍቅር ነው፤ እንደ ማዕረግ። እኔ ቃሉ ላይ ቆምኩ። በውስጡ አንዲት ሴት አለች። በዚያ ሁሉ ገጽ ግን አንድ ቀን ስትናገር አልሰማኋትም።

የኛ ፉከራ ብቻውን አልነበረም። ፎካሪው ሲሞት አልቃሽ ትነሣለች፤ ጋሻና ጦሩ በለቅሶው መካከል ይዞራል፤ ፈረሱም ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ይሳባል። በፉከራ የተጠራው የፈረስ ስም በሙሾ ይጠራል፤ ያው ስም፣ ያው ሕዝብ ፊት። አድናቂዎቹ ፉከራውን ይዘዋል፣ ሙሾውን አላበጁለትም። ጓደኛ ሲሞትባቸው «የሚወደውን እያደረገ ሞተ» የሚል አንድ መሥመር ይጽፋሉ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ይመጣል።

የዐረቢያው ሎውረንስ የሚባለው እንግሊዛዊ፣ ከሞተ በኋላ በታተመው ዘ ሚንት በተባለው መጽሐፉ፣ ብራፍ ሱፒሪየር በተባለው ሞተሩ ከአውሮፕላን ጋር መሽቀዳደሙን ይተርካል፤ ሞተሩን ደምና ጠባይ እንዳለው ፍጥረት እያደረገ። አድናቂዎች እስከ ዛሬ የሚወዱት ምዕራፍ ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። በሜይ 1935 ዶርሴት ውስጥ፣ ከቤቱ አቅራቢያ፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲያዞር ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂው ኬርንዝ ነገሩ ከልቡ አልወጣለት አለ፤ ስለ ሞተረኞች የራስ ጉዳት አጥንቶ በ1941 አሳተመ፤ የእንግሊዝ ጦርም ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። ለሎውረንስ የተገጠመው ሙሾ ይኸ የሐኪም ጽሑፍ ነው እላለሁ። በሠንጠረዥ የተሞላ ነው፤ ግን ሙሾ ነው።

የአጎቴ ልጅ ሚስት ስለ ሞተሩ አስተያየት ስትሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ እሱ «ትንሽ ዞር ዞር ልበል» ብሎ ወጥቶ ሳለ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ሽንኩርት እንልጥ ነበር። ድምፁን ከሩቅ ትለየዋለች፤ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ታውቃለች። «አሁን አደባባዩን ዞረ፤ ወጣ» አለችኝ፤ እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ጎኔ ያስቀመጥኩትን መጽሔት አየችና «አንተም ጀመርክ ወንድሜ?» አለች። ለመጻፍ ነው አልኳት፤ ላስረዳትም ሞከርኩ። ስለ 197ቱና ስለ 190ው፣ ስለ ልጓሙ፣ ስለ ጭልፊቱ ነገርኳት። ሽንኩርቱን እስክትከትፍ ድረስ በጸጥታ ሰማችኝ።

«ስንት ሰዓት እንደሚመለስስ ጽፈውበታል?» አለች።