ቅጂ መሸጥ፦ ከ«ኦሮማይ» ዕጣ የምንማረው

ስለ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ታሪኩን ትተን መጽሐፉ ራሱ የደረሰበትን እንመልከት። ቅጂ ማባዛት መቼ በጎ፣ መቼ በደል እንደሚሆን ለመመዘን ጥሩ ምሳሌ ነውና።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ዓይን ያሳያል። ደርግ ስላልወደደው ከገበያ አስወጣው፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

በዚያ ዘመን ገጾቹን በስውር ገልብጦ ለጓደኛው የሰጠ ሰው ቢኖር ሌባ ትሉታላችሁ? እኔ አልለውም። እንዲጠፋ የተፈረደበትን ሥራ አትርፏል፤ ለራሱ ያገኘውም አደጋ እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ ከደርግ ውድቀት በኋላ በድጋሚ ታትሟል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። እንግዲህ ፎቶ ኮፒ አንሥቶ፣ ጠርዞ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን የሚወስደው አባታቸውን ከተቀሙ ልጆች ነው።

«ጂንካ ሆነን ከየት እናምጣ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከአዲስ አበባ ርቀናል፤ በሐመር ወይም በበና ጸማይ ያለ ወጣትማ ይብስበታል። ሆኖም የመጽሐፍ እጥረት የሚያነብበትን ሰው ያስተዛዝናል እንጂ የሚነግድበትን ነጻ አያወጣም። አምስት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ገዝታችሁ ተዋዋሱ። ከኅትመት የጠፋ ከሆነ ባለመብቱን ወይም አሳታሚውን ፈልጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ሁለተኛም በደል አለ፤ ቅጂን ዋና አስመስሎ መሸጥ። በውጭው ዓለም የድሮ ቪዲዮ ጌም ሰብሳቢዎች በዚህ ይቸገራሉ። ብርቅ የሆነው የጌም ካሴት ውድ ስለሆነ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። የመጀመሪያው ሻጭ «ቅጂ ነው» ብሎ በቅንነት ቢሸጠው እንኳ፣ ከእርሱ የገዛው «ኦሪጅናል» ብሎ ሊያሻግረው ይችላል። ስለዚህ በቃል መናገር ብቻ አይበቃም፤ በፈቃድ የተባዛም ቢሆን «ቅጂ» የሚለው ቃል በማይላቀቅ ሁኔታ በዕቃው ላይ ይታተም።

እንግዲህ ገበያ ላይ ርካሽ ጥራዝ ሲቀርብላችሁ ሻጩን በትሕትና ጠይቁት፦ ባለቤቱ ማነው? ፈቅዷልን? ቅጂ መሆኑስ የት ተጽፏል? መልስ ካጣ ገንዘባችሁን ለዋናው አቆዩት።