የግማሽ ቀን ጉብኝት በጅማ፤ ስለሚታየውና ስለሚታለፈው

በዚህ መጽሔት ላይ ሂስ ተብሎ የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጻሕፍትና ስለ ተውኔት ነው። እኔ ለዛሬ የመረጥሁት ግን መጽሐፍ አይደለም፤ በጅማ ከተማ ለእንግዶች የሚቀርብ የግማሽ ቀን ጉብኝት ነው። ጉብኝትም እንደ ድርሰት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ደራሲ አለው፤ የሚያጎላውና የሚሸሽገው ነገር አለው። ስለዚህ እንደ ድርሰት ሊተች ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ጉብኝቱን የሚያዘጋጀውን ድርጅት በስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር የአንድ ድርጅት ጥፋት ሳይሆን በብዙ ስፍራ የተለመደ አሠራር ነውና። የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉብኝቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ በ7 ሰዓት ያበቃል። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ «ቤተ መንግሥት፣ የእጅ ሥራ፣ የቡና ሥነ ሥርዓትና የጥንታዊ ወይን ቅምሻ» የሚል ተጽፎበታል። እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ከአራት የውጭ አገር እንግዶች ጋር ሆነን ሄድን። በየቦታው የቆየንበትን ጊዜ በሰዓቴ እያየሁ ጽፌዋለሁ፤ በጅሬን 55 ደቂቃ፣ በሙዚየሙ 30፣ ከእንጨት ጠራቢው ዘንድ 25፣ ከሸክላ ሠሪዋ ዘንድ 11፣ በቡናና በጠጅ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፤ የቀረው በመኪና ውስጥና በመጠባበቅ ዐለፈ። እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ጅሬን ከከተማው መካከል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኮረብታ ላይ የሚገኝ ስፍራ ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር መሰራ፣ ማለት ቤተ መንግሥታቸው፣ የቆመው በዚያ ነው። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ገብረው፣ ግብሩንም ሳያጓድሉ እየከፈሉ፣ በዙሪያቸው የነበሩት መንግሥታት በጦር ሲፈርሱ አገራቸውን ከጦርነት አድነው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደ ያዙ ኖሩ። አስጎብኚው ይህን በሚገባ ተናገረ። ድምፁ የሚሰማ፣ ቀልድም የሚያውቅ ወጣት ነው። ሊሙ እናርያን፣ ጎማን፣ ጉማን፣ ጌራንና ጅማን አንድ ላይ አድርጎ አምስቱን የጊቤ መንግሥታት ሲዘረዝር እኔ እንኳ በክፍል ከሰማሁት ይልቅ ግልጽ ሆነልኝ። እንግዶቹ ግን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የንጉሡን ቁመት ነው፤ ስለ እርሱ ሦስት ጊዜ ጠየቁ።

ማንም ያልጠየቀው፣ አስጎብኚውም ያልነገረን ነገር፣ ያ ሁሉ እንጨት በምን ሀብት ተገዝቶ በማን ትከሻ ወደ ኮረብታው እንደ ወጣ ነው። መልሱ ያለው ከኮረብታው በታች ነው። ሄርማታ ዛሬ የጅማ ከተማ አንዱ ሰፈር ነው፤ በነገሥታቱ ዘመን ግን ሐሙስ ሐሙስ የሚውል፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት ገበያዎች ዋነኛው ነበረ። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማርና ቡና ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከደቡብ የተጋዙት ባሮች በዚያ አልፈው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ጠረፍ ይነዱ ነበር። ባርነት በ1924 በወጣው ሕግ ቀስ በቀስ እንዲቀር ታዘዘ፤ በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ኸርበርት ሉዊስ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1965 ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ባሳተሙት መጽሐፍ የገበያውን ነገር ማንም ሊያነበው ይችላል።

የሄድንበት ዕለት ሐሙስ ነበረ። ከጅሬን ስንመለስ መንገዱ ጭነት በተሸከሙ ሴቶችና በአህዮች ተሞልቶ መኪናችን በሰው እግር ልክ ትሄድ ጀመር። አስጎብኚው ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ዛሬ የገበያ ቀን ስለ ሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» አላቸው። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊገባን ያልቻለው ታሪክ በመስኮታችን ሥር እያለፈ ነበር፤ እኛ ግን ይቅርታ ተጠየቅንበት። ቈይቼ በዝግታ ስለ ሄርማታና ስለ ባሮቹ ለምን እንዳልነገረን ብጠይቀው «እንግዳ የመጣው ለመዝናናት ነው፤ የሚያሳዝን ነገር ለምን እናነሣለን?» ሲል መለሰልኝ። መልሱ ቅንነት አለው፤ ነገር ግን ኋላ እንደማሳየው አላሳዘነንም ያለው ነገር ማንን እንደማያሳዝን መለየት ያሻል።

በሙዚየሙ ብዙ አልቆይም። የንጉሡ የቤት ዕቃዎች በዚያ አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ከእንጨት የተጠረቡት መቀመጫዎች እጅግ የሚያምሩ ናቸው። አስጎብኚው እያንዳንዱ ዕቃ የማን እንደ ነበረ ነገረን፤ ማን እንደ ሠራው ግን አልነገረንም።

ከጉብኝቱ ሁሉ የተሻለው ክፍል ከጠራቢው ዘንድ የቆየንበት 25 ደቂቃ ነው፤ ይህንንም ሳልመሰክር ባልፍ ሂሴ ፍርደ ገምድል ይሆናል። የጅማ በርጩማ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ ሚስማርም ሙጫም አያውቅም። እግሮቹ ሦስት የሆኑት ለውበት አይደለም፤ ወለሉ አፈር በሆነ ቤት አራት እግር ይወዛወዛል፣ ሦስት እግር ግን በየትም ይቆማል። ጠራቢው ወንዛውን ገና እርጥብ ሳለ እንደሚጠርበው፣ ከዚያም እንዳይሰነጠቅ ከፀሐይ አርቆ ቀስ እያለ እንደሚያደርቀው ሲናገር አስጎብኚው እንደ ወትሮው አላሳጠረም፤ ቃል በቃል ተረጐመለት። እንዲያውም ራሱ የማያውቀውን ነገር ጠየቀ። አንዲት እንግዳ መጥረቢያውን ተቀብላ ብትሞክር እንጨቱን ትታ ጫማዋን ልትቆርጥ ምንም አልቀራትም፤ ሁላችንም ሳቅን፤ ጠራቢውም ሳቀ። ለምን ይህ ክፍል አማረ ቢባል፣ ዕቃውና ሠሪው በአንድ ጊዜ በፊታችን ስለ ነበሩ ነው እላለሁ።

ከዚያ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሄድን። ቤቷ ከሌሎቹ ቤቶች ፈንጠር ብሎ ከቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ነው። የጠቆረ ጀበና፣ ምጣድና ድስት በደጅ ተደርድሮ ነበር። አስጎብኚው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይህን ሥራ ይሠራሉ» አለ፤ ገለጻው ይኸው ነበር። ጭቃው ከየት እንደሚቈፈር፣ የተሰበረ ገል ተወቅጦ ለምን እንደሚቀላቀልበት፣ የጀበናው አንገት ለብቻው ተሠርቶ በሆዱ ላይ እንዴት እንደሚጋጠም፣ ሣርና እንጨት ተከምሮበት ደጅ ሲቃጠል ስንቱ እንደሚፈነዳ አልተነገረም። ሴትየዋ እጇን ታጥባ ወጣችና «ቡና ደርሷል፤ ግቡ» አለችን። አስጎብኚው ሰዓቱን አየና «ጊዜ የለንም፤ ቡና ወደምንሄድበት ተዘጋጅቶልናል» ሲል ለእንግዶቹ ተረጐመ። ሹፌሩም ሞተሩን አስነሣ። ለጠራቢው 25 ደቂቃ የተገኘለት ጊዜ ለእርሷ 11 ብቻ ሆነ።

በዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር መግለጽ አለብኝ፤ ይህን ደብቄ ብተች ማታለል ይሆንብኛል። እኔም ከሸክላ ሠሪ ቤት የተወለድሁ ነኝ። አያቴ በአጋሮ በኩል ባለ አንድ መንደር ጀበናና ድስት እየሠራች እናቴን አሳድጋለች። በጅማና በከፋ በኩል ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ከሌላው ጋር እንዳይጋባ፣ በአንድ ገበታ እንዳይበላ የሚያደርግ ልማድ ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ የሚጠሩበትንም ስም እዚህ አልደግመውም። እኔ ራሴ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ከአንድ ትሪ የበላሁት በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እጄን ሰድጄ መልሼ ሳብሁት። ስለዚህ ሴትየዋ «ግቡ» ስትልና አስጎብኚው ሰዓቱን ሲያይ፣ ሰዓት እንዳላየ ዐውቃለሁ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ በቤቱ የተማረውን ነው ያደረገ። ነገር ግን «የሚያሳዝን ነገር ለምን እናነሣለን» ያለኝን ቃል በዚያን ጊዜ አስታወስሁት።

ቡናው የቀረበልን በአንድ ባለ በረንዳ ቤት ነው። ቄጠማ ተጐዝጕዟል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሥርዓቱ ተጠጣ። ቡናው ራሱ መልካም የሊሙ ቡና ነበረ። አስጎብኚው በዚህ መካከል የካልዲን ተረት አመጣ፤ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው እንደ ጨፈሩ፣ ይህም በአጋሮ አጠገብ በጮጬ እንደ ሆነ ነገረን። እኔም ይህን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁት በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ እንጂ ከአጋሮ ሽማግሌዎች አልሰማሁትም። ተረቱ በመጽሐፍ ታትሞ የተገኘው በ1671 በሮም ፋውስቶ ናይሮኒ በላቲን ባሳተመው ድርሳን ነው፤ በዚያም እረኛው ካልዲ አይባልም፣ የሚጠብቀውም ግመል ወይም እንደ ሌሎች አባባል ፍየል ነው ይላል። ጮጬ የቡና አገር መሆኑን አልክድም፤ የቡና ዘር የሚጠበቅበት ማሳም በዚያ አለ። ግን ከጅማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ባለው በመልኮ የምርምር ጣቢያ፣ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገሪቱ ከታየ በኋላ፣ ከደኑና ከገበሬው ማሳ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተፈልገው እንደ ተመረጡ ቢነገር፣ ከጨፈሩት ፍየሎች ይልቅ የሚያስገርም ታሪክ ነበረ። እውነተኛ ከመሆኑም በላይ ዛፉን በጓሮው ጠብቆ ያቆየውን ገበሬ ያነሣል።

ከእንግዶቹ አንዱ ጀበናውን አንሥቶ «ይህ የት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው «ከገበያ ይገዛል» አለው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የሠሪዋ ደጅ ቆመን ነበር።

ስለ «ጥንታዊው ወይን» ደግሞ ጥቂት ልበል። የቀረበልን ጠጅ ነው፤ ጠጅም ወይን አይደለም። ወይን የሚባለው ከወይን ፍሬ ሲሆን ጠጅ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ነው፤ በኦሮምኛ ዳዲ ይባላል። ስሙን ለውጦ ማቅረብ እንግዳውን ለማክበር ታስቦ ይሆናል፤ ውጤቱ ግን እንግዳው ብርሌውን እንደ ወይን ብርጭቆ እያሽከረከረ ሊያሸተው መሞከር ነው። በብርሌ አንገት አፍንጫ ማስገባት አይቻልም! ከስሙ የባሰው ግን አገሩን አለማየት ነው። ጅማ ከቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ነገሥታቱ እስልምናን የተቀበሉበት፣ ዛሬም አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም የሆነበት አገር ነው። በብዙ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው ያልፈላው ብርዝ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቦ ማቅመስ ምን ይከብድ ነበር? የጌራ ደን ነጭ ማር፣ ንቦቹ ከገተማ አበባ የሚያመጡት፣ ቀፎውም በረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀለው፣ ሳይጠጣ እንኳ ቢቀመስ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያናግር ነገር ነው። አልቀመስነውም። ጠጁ በራሱ ጥሩ ነበረ፤ ጓደኞቼ ይህን ካልጻፍህ ብለውኛል።

ይህን ጽሑፍ በረቂቁ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ «በግማሽ ቀን ይህ ሁሉ እንዴት ይቻላል?» ሲል ተቃወመኝ። ጊዜ እንዲጨመር አልጠየቅሁም። ጅሬን ከመውጣት በፊት ሐሙስ ቀን ሄርማታን በእግር ማለፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ከዚያ ወዲያ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ይናገራል። ቡናውም በባለ በረንዳው ቤት ከሚጠጣ ጀበናውን በሠራችው ሴት ቤት ቢጠጣ ሁለቱ ጉብኝቶች አንድ ይሆናሉ፤ ለቡናው የሚከፈለውም ገንዘብ ለእርሷ ይደርሳል። በእርግጥ አስጎብኚውና ሹፌሩ አብረው መግባት ይኖርባቸዋል። እንግዶቹን በተመለከተ ምንም ችግር አላየሁም፤ «ግቡ» ስትላቸው ከመካከላቸው ሁለቱ ጫማቸውን ማውለቅ ጀምረው ነበር።

ከሴትየዋ ደጅ አንድ ትንሽ ጀበና ገዝቼ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አያቴ ይዤላት ሄድሁ። አያቴ ዐይኗ ደክሟል። ጀበናውን በጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው፤ ድምፁን አዳመጠች፤ የአንገቱን መጋጠሚያ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «እጇ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያም ሆዱን ደግማ አንኳኳችና «ስታቃጥለው ግን ዝናብ ደርሶባታል፤ ቸኩላለች» አለችኝ።